ማህተም ያጣው ጡሩምባ

ጋሼ አምደሚካኤል ማህተም ያላረፈበትን ወረቀት እንደ ወረቀት አይቆጥሩትም። አዲስ አበባ በአንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ውስጥ ሃያ ሁለት ዓመት ሠርተዋል። ሎስ አንጀለስ ከመጡ ወዲህ ደግሞ ካልቨር ሲቲ ውስጥ በአንድ የመኪና ማቆሚያ ሕንፃ በር ላይ፣ ከመስተዋት ሣጥን ውስጥ ተቀምጠው አሥራ ስድስት ዓመት ትኬት ሲቀበሉ ኖረው ጡረታ ወጡ። ሰዓቱ ደብዝዞ የታተመበት ትኬት ከመጣ መኪናውን አያሳልፉም ነበር ይባላል። እሳቸው ሐሰት ነው ይላሉ። አንድ ቀን ብቻ ነው፤ እሱም ሰውዬው ስለ ተሳደበ ነው።

አሁን የፌርፋክስ ዕድር ጸሐፊ ናቸው። ዕድሩ ቢሮ የለውም። ቢሮው ፌርፋክስ ጎዳና ላይ ካለ ምግብ ቤት ጥግ የተቀመጠ፣ አንድ እግሩ በታጠፈ ካርቶን የተደገፈ ጠረጴዛ ነው። ማህተም ግን አለው። ክብ ነው፣ ቀለሙ ሐምራዊ ነው፣ በካልሲ ተጠቅልሎ በጋሼ ኮት የውስጥ ኪስ ይኖራል። ካልሲው ንጹሕ ነው፤ ማንም ሌላ ነገር እንዳይነግራችሁ።

ታዲያ እንዲህ ሥርዓት የሚወዱ ሰው ናቸው ያን ጥፋት ያጠፉት። ከዓመት ከመንፈቅ በፊት የእትዬ እታገኘሁ ወንድም አገር ቤት ሞተ። መርዶ እንደ ወሬ አይነገርም። የሰማ ሁሉ አፉን ይይዛል፤ ሽማግሎች በማለዳ ተሰባስበው ይሄዳሉ፤ የሐዘኑን ባለቤት ከቤቱ፣ ከወንበሩ ላይ፣ በሰው መካከል አድርገው ያረዱታል። ጋሼም ሽማግሎቹን ለመሰብሰብ ብለው በዕድሩ የስልክ ግሩፕ ላይ አንድ ማስታወቂያ ጻፉ። ቆንጆ ማስታወቂያ ነበር። ቀኑ አለ፣ ሰዓቱ አለ፣ «የወይዘሮ እታገኘሁን ወንድም ኅልፈት ለማርዳት» የሚል አለ። አንድ ነገር ብቻ ረሱ። እትዬ እታገኘሁም የግሩፑ አባል ናቸው።

እትዬ በዚያ ሰዓት በርባንክ አየር ማረፊያ፣ ሥራቸው ላይ፣ አንዲት ፈረንጅ አሮጊት በተሽከርካሪ ወንበር እየገፉ ነበር። ስልካቸው ጮኸ፤ አወጡት፤ አነበቡት። አሮጊቷ ከወንበራቸው ተነሥተው እትዬን አስቀምጠው እሳቸው ገፏቸው ብለው የነገሩን በዓይናቸው ያዩ ሰዎች ናቸው። አንዳንዱ ይህን ሲሰማ ይስቃል። ጋሼ አልሳቁም። ሦስት ቀን እህል በአፋቸው አልዞረም።

ከዚያ ወዲህ እትዬ እታገኘሁ ጋሼን አያናግሯቸውም። ዕድር ላይ ፊት ለፊት ተቀምጠው እንኳ ወደ ጎን ዞር ይሉና «ጸሐፊው ይህን ይመዝግቡ በሏቸው» ይላሉ። ጎን ያለው ሰው ለጋሼ ይነግራል። ጋሼ ይመዘግባሉ። ጥፋታቸውን ያውቃሉና በዚህ አልተቀየሟቸውም። በጉባኤ ፊት ቆመው ግን ማሉ፦ ሁለተኛ በዚህ ዕድር ሰው መርዶውን ከስልኩ ላይ ቢያነብ፣ ማህተሙን ከነካልሲው አስረክባለሁ አሉ።

መላ ያመጣችው የሊቀመንበሩ የአቶ ግዛው ልጅ ሰገነት ናት። በርባንክ ላለ የፊልም ስቱዲዮ ኮምፒውተር ላይ ኮድ ትጽፋለች፤ አማርኛዋ እዚሁ ፌርፋክስ ያደገ አማርኛ ነው። አንድ ቅዳሜ ጠረጴዛው አጠገብ ተቀመጠችና ስልኳን ዘረጋች።

«ሶ ጋሼ፣ እየው። ሰው ሲሞት የሰማው ሜምበር ይጽፋል፣ ሜሴጁ ሎክ ይሆናል። ለሁሉም ሜምበር ይሄዳል፣ ለባለቤቱ ብቻ አይከፈትም። የሱ ስልክ ዝም ይላል። ሦስት ሽማግሌ ሄደው ካረዱት በኋላ ሦስቱም ስልካቸውን ይነካሉ፣ ያኔ ለሱም ኦፕን ይሆናል። ከሦስቱ አንዱ ከጎደለ፣ እኔ ራሴ የሠራሁት እንኳ ልከፍተው አልችልም።»

ጋሼ መነጽራቸውን አወለቁ። ሽማግሌ የሚጠብቅ ስልክ! ባህሉን እንዲህ የተረዳች ልጅ ከየት ተገኘች ብለው ዓይናቸው እንባ አቀረረ። እንባውን ከጠረጉ በኋላ ግን ወዲያው አቃቂር ማውጣት ጀመሩ።

«ድምፁስ እንዴት ነው?»

«ድምፅ የለውም፣ ቫይብሬት ነው የሚያደርገው።»

«ዕድር በቫይብሬት? ጡሩምባ የማይነፋ ዕድር ምን ዕድር ይባላል!»

«ጋሼ፣ ፖይንቱ ሲክሬት መሆኑ ነው እኮ። ጡሩምባ ሰው ይሰማል።»

«አጭር ይሁን። ግን ጡሩምባ ይሁን።»

ሰገነት ተከራከረች፤ አልሆነላትም። እንደ ድሮው የሰፈር ጡሩምባ ነፊ ሦስት ሰከንድ የሚጮህ ድምፅ አስገባችበት፤ ስሙም «ጡሩምባ» ተባለ። ጋሼም በበኩላቸው ለጡሩምባው አሥር አንቀጽ ያለው መተዳደሪያ ደንብ ጻፉለት። አንቀጽ አምስት እንዲህ ይላል፦ «መርዶ የሰማ አባል ከባለቤቱ ጋር አብሮ ቢገኝ ፊቱን አይለውጥ፤ የያዘውን ጨዋታ ይቀጥል።»

«አሁን አንድ ነገር ቀርቷል» አለች ሰገነት። «ኮዱ ኦፕን ሶርስ ነው። የዳላስም የሲያትልም ዕድር በነጻ ወስዶ እንዲሠራበት ኢንተርኔት ላይ አውጥቼዋለሁ። ሎኩን ግን ያንን የሦስት ሽማግሌውን ነገር ብዬ በራሴ ዘዴ ነው የሠራሁት። የተለመደው ዓይነት ቢሆን ምንም ችግር አልነበረውም። ይሄ ከተለመደው ስለወጣ ለገቨርንመንት ማሳወቅ አለብን። የኤክስፖርት ሕግ ነው።»

«የምን ኤክስፖርት? ቡና አልላክን፣ ቆዳ አልላክን!»

«ኮድ ኢንተርኔት ላይ ሲወጣ ሌላ አገርም ያየዋል፣ ሶ ኤክስፖርት ነው። የሚቆልፍ ኮድ ከሆነ ደግሞ የት እንዳለ እንዲያውቁት ይፈልጋሉ። ለሁለት ቢሮ አንድ ኢሜይል ነው፤ አንዱ የንግድ፣ አንዱ የሴኩሪቲ። ሁለት መስመር ብቻ፤ ኮዱ እዚህ አድራሻ ይገኛል፣ ዳን፣ አለቀ። አንተ ጸሐፊ ስለሆንክ በዕድሩ ስም ሴንድ አድርገው።»

ሰገነት ብልህ ልጅ ናት፤ እዚህ ላይ ግን ተሳሳተች። ጋሼ አምደሚካኤልን ለመንግሥት ጻፍ ማለት የጾመን ሰው ገበታ ቅረብ እንደ ማለት ነው። ሁለት መስመር ይበቃል የተባለው ደብዳቤ አራት ገጽ ሆነ። ቁጥር አለው። «ጉዳዩ፦ ጡሩምባን ስለማስመዝገብ» ይላል። አንደኛው ገጽ ዕድር ምን እንደሆነ ያስረዳል፤ ሁለተኛው መርዶ ለምን በማለዳ እንደሚነገር፤ ሦስተኛው የበርባንኩን አሳዛኝ ሁኔታ የጸሐፊውን ስም ሳይጠቅስ ያወሳል። አራተኛው «የተለመደው በጎ ትብብራችሁ እንዳይለየን» ብሎ ይዘጋል። ትብብሩ ከመቼ ጀምሮ እንደ ተለመደ ግን አይናገርም። እንግሊዝኛው የድሮ ተማሪ እንግሊዝኛ ነው፤ ኮትና ከረባት ያደረገ። ከግርጌው ማህተሙ ዷ ብሎ አርፏል። ግልባጩ ለዕድሩ ሊቀመንበርና ለዕድሩ ጸሐፊ ነው። ጸሐፊው እሳቸው ስለሆኑ ግልባጩን ለራሳቸው አስረክበው፣ ተረክቤያለሁ ብለው ፈረሙ።

ሰገነት ከነማህተሙ ስካን አድርጋ በኢሜይል ላከችው። ወሩ የካቲት ነበር።

ከዚያ ጋሼ መልስ መጠበቅ ጀመሩ።

«ጋሼ፣ ማሳወቅ ነው እንጂ ፐርሚሽን መጠየቅ አይደለም። መልስ አይልኩም። ሴንድ ስናደርገው ያኔውኑ ጨርሰናል።»

«ዘግይቶ የሚመልስ መንግሥት አውቃለሁ። ሦስት ዓመት አዘግይቶ የመለሰም አውቃለሁ፤ ደብዳቤውን የተቀበልሁት እኔው ነኝ። ጨርሶ የማይመልስ ግን ሰምቼ አላውቅም። ያልተመለሰ ደብዳቤ የተንጠለጠለ ጉዳይ ነው፣ ልጄ።»

በዕድሩ ደንብ ጸሐፊው ማህተም ካላደረገበት ምንም ነገር ሥራ ላይ አይውልም። ማህተሙ ካልሲ ውስጥ ነው። ካልሲው ኪስ ውስጥ ነው። ኪሱ የጋሼ ነው። ስለዚህ ጡሩምባው በስልክ ሁሉ ላይ ተጭኖ ሳይነፋ ተቀመጠ።

በመጋቢት ጋሼ «ከዚህ ቀደም የጻፍነውን ይመለከታል» የሚል ማስታወሻ ላኩ። አሁንም ዝም። በሚያዝያ ሁለተኛ ማስታወሻ ላኩ። መልስ ቢያጡ ቢያጡ ሰውን በአካል ማግኘት ይሻላል ብለው፣ ፋይላቸውን ታቅፈው፣ ዘሪሁንን ዌስትውድ ወዳለው ትልቁ የመንግሥት ሕንፃ ውሰደኝ አሉት። ዘሪሁን በሊሞዚን የሚተዳደር የዕድሩ አባል ነው፤ ዕድሜው ገና ሃምሳ ነው፣ ደግ ነው፣ ውሸት ግን አይችልም። በረዥሙ ጥቁር መኪና በር ከፍቶ ሲያወርዳቸው የሕንፃው ዘበኛ አምባሳደር የመጡ መስሎት ቀጥ ብሎ ቆመ። ጋሼም አራቱን ገጽ አንድ በአንድ አስረዱት። ሰውዬው እስከ መጨረሻው አዳመጣቸውና እንዲህ ያለ ነገር እዚህ እንደማይታይ ነገራቸው፤ ስለ መርዶው ግን «ጥሩ ልማድ ነው» አለ። ጋሼ ቤታቸው ገብተው መዝገቡ ላይ «ጉዳዩ በአካል ቀርቧል፤ በቃል በጎ አስተያየት ተሰጥቶበታል» ብለው ጻፉ።

የግንቦቱ ስብሰባ ላይ እትዬ እታገኘሁ ወደ ጎን ዞሩ።

«ጸሐፊውን ጠይቁልኝ» አሉ። «የሚቀጥለውም ሰው እንደኔ መንገድ ላይ ቆሞ እስኪሰማ ነው የሚጠብቁት?»

ጎን የተቀመጠው ዘሪሁን ነበር። ለጋሼ መንገር አላስፈለገውም። ጋሼ ሰምተዋል። የእስክሪብቶውን ክዳን ሲከፍቱ ሲዘጉ ስብሰባው አለቀ።

በማግሥቱ እሑድ ነበር። እሑድ ጠዋት ጋሼ ደብረ ብርሃን ለእኅታቸው ይደውላሉ፤ ይህም እንደ ቅዳሴ ያልታጎለ ነው። እቴቴ ኤልፍነሽ ሰማንያ አራት ዓመታቸው ነው። እናታቸው በልጅነታቸው ስለ ሞተች ጋሼን ያሳደጓቸው እሳቸው ናቸው፤ ወንድሜ የሚሉትም፣ ልጄ የሚሉትም አንድ ሰው ነው። ጋሼም ከሳቸው ሌላ ዘመድ የላቸውም። የሆነውን ሁሉ ነገሯቸው።

«ስንት ጊዜ ጻፍህላቸው?» አሉ እቴቴ።

«ሦስት ጊዜ።»

«ተው አሉህ?»

«አላሉኝም።»

«አንተ ልጅ፣ ትንሽ ሳለህ ከደጃፍ ቆመህ ‹ልሂድ? ልጫወት?› እያልህ ስትነዘንዘኝ፣ እኔ እንጨቴን እየፈለጥሁ ዝም ስልህ ምን ታደርግ ነበር?»

«እሄድ ነበር።»

«ታዲያ! ዝም ማለትም መልስ ነው እኮ። ማህተም ስትጠብቅ ጸጉርህ አለቀ፤ አሁን ደግሞ ዕድሜህ ሊያልቅ ነው?» ብለው እስኪያስላቸው ሳቁ።

ጋሼ ሰኞ ዕለት ካልሲውን ፈቱ። የሥራ መጀመሪያውን ወረቀት ጠረጴዛው ላይ ዘርግተው፣ ማህተሙን ሁለት ጊዜ ተንፍሰውበት፣ መቱት። የሦስቱ ሽማግሎች ምርጫ ወዲያው ተደረገ። አንደኛው ሊቀመንበሩ አቶ ግዛው ሆኑ። ሁለተኛው ዘሪሁን ሆነ፤ ሽማግሌ ሲባል ደንግጦ ራሱን በእጁ ዳበሰ። ሦስተኛው ማን ይሁን ሲባል ከኋላ አንድ ድምፅ መጣ።

«እኔ ነኝ። ጸሐፊው ይመዝግቡ በሏቸው።»

ጋሼ «ወይዘሮ እታገኘሁ» ብለው መዘገቡ። የመዝገብ ቤት እጅ መስመር አይስትም ይሉ የነበሩት ሰውዬ፣ ያን ቀን የጻፉት መስመር እስካሁን ጎብጦ ይታያል።

አሥራ ሁለት ቀን አለፈ። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ጋሼ ከዘሪሁን ጋር ጠረጴዛቸው ላይ ተቀምጠው ሳምቡሳ እየበሉ፣ የዘበኛውን ነገር ለሰባተኛ ጊዜ ሲያወሩ፣ ጡሩምባ ነፋ። የዘሪሁን ስልክ ነው። ወዲያው የገንዘብ ተቀባይዋ ስልክ ነፋ። ከኋላቸው ካለው ጠረጴዛ ሁለት ነፋ፤ ወጥ ቤቱ ውስጥ አንድ። ጋሼ ደስ አላቸው፤ እውነቱን መናገር ያስፈልጋል፣ መጀመሪያ የተሰማቸው ደስታ ነው። ይሠራል! እንዴት ያምራል! ማን አረፈ ብለው ስልካቸውን ከኪሳቸው አወጡ።

ስልካቸው ዝም ብሏል።

ባትሪ አለው። መስመር አለው። ቀና ብለው ዘሪሁንን አዩት። ዘሪሁን አንብቦ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ በፊቱ ደፍቶታል። በትልቅ ድምፅ «ጋሼ፣ ሳምቡሳ ይጨመርልዎ?» አለ። ገንዘብ ተቀባይዋ ጀርባዋን ሰጥታ ንጹሑን መስተዋት ትወለውላለች። ከኋላ ያሉት ስለ አየሩ ሁኔታ ማውራት ጀመሩ፤ ሎስ አንጀለስ ውስጥ ስለ አየር ምን ይወራል? ቤቱ ሙሉ ሰው አንቀጽ አምስትን ያከብራል፤ ሁሉም እያበላሸው ያከብራል።

ጋሼ ደንቡን የጻፉት ራሳቸው ናቸው። ጡሩምባ ይሁን ብለው ያችን ልጅ የረቷትም ራሳቸው ናቸው። ከእቴቴ ኤልፍነሽ በቀር ደግሞ ሞቶ የሳቸውን ስልክ ዝም የሚያሰኝ ሰው በምድር ላይ የለም።

«አንድ ይጨመር» አሉ ለዘሪሁን።

ሳምቡሳው መጣ፤ እስከ ፍርፋሪው ጨረሱት። የዘበኛውንም ታሪክ ካቆሙበት ቀጥለው እስከ መጨረሻው ተናገሩ፤ ዘሪሁን ሊያለቅስ የደረሰ ዓይኑን እያሸ ሳቀላቸው። ከዚያ ድካም ተሰማኝ ብለው ፓልምስ ወደሚገኘው አፓርትማቸው ሄዱ። ደብረ ብርሃን ሊደውሉ ስልኩን ሁለት ጊዜ አነሡ፤ ሁለቱንም ጊዜ አስቀመጡት። መርዶ ከስልክ አይሰማም ብለው የማሉ ሰው ናቸው። አላለቀሱምም። መርዶውን ያልተረዳ ሰው አያለቅስም።

እሑድ ገና ሲነጋጋ ተጣጥበው ኮታቸውን ለበሱ። ሦስት ወንበር ደረደሩ፤ አራተኛውን ለራሳቸው ብለው ከሦስቱ ፊት ለብቻው አደረጉ። ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ። ልክ አሥራ ሁለት ሰዓት ሲሆን በሩ ተንኳኳ፤ አንድ ደቂቃ አላሳለፉም፤ በዚህ በሆዳቸው አመሰገኗቸው።

ሲከፍቱ ፊት የቆሙት እትዬ እታገኘሁ ናቸው፤ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ለብሰዋል። አቶ ግዛውና ዘሪሁን ከኋላ ናቸው።

«ምነው በማለዳ? ደህና አይደላችሁም?» አሉ ጋሼ፤ እንዲህ ማለት ወግ ነውና።

እትዬ እታገኘሁ ወደ ጎን አልዞሩም። ቀጥታ ዓይን ዓይናቸውን አይተው «ደህና ነን፤ ይቀመጡ፣ ጋሼ አምደሚካኤል» አሉ። ይህን ብለው ሲገቡ ወንበሮቹን አዩ፤ ሦስቱን፣ ከፊታቸው ያለውንም አንዱን።

«ማን ነገረዎት?»

«ማንም አልነገረኝም» አሉ ጋሼ። «እርስዎን እየጠበቅሁ ነው።»

ተቀመጡ። እትዬ እታገኘሁ ወንበራቸውን አስጠግተው እጃቸውን ጋሼ ጉልበት ላይ አደረጉ፤ ከዚያም በሰው መካከል፣ በቤታቸው፣ በቀስታ፣ የእኅታቸውን ስም ጠርተው አረዷቸው። ትንሽ ቆይቶ ሦስቱም እየተያዩ ስልካቸውን ነኩ። ጠረጴዛው ላይ የጋሼ ጡሩምባ ሦስት ሰከንድ ነፋ። እሳቸው ግን አልሰሙትም፤ እያለቀሱ ነበር።